የታጠፈችው ወረቀትና የአዴ ሶረቲ በር

የወረቀቷ ጥግ ታጥፎ እንደነበር ያየሁት ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ነው።

በነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ባለችው አጥቢያችን፣ የጸሎት ጥያቄ ያለው ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በመግቢያው ከተቀመጠችው ሣጥን ይከታል። የወረቀቱን ጥግ ያጠፈ እንደሆነ «በጉባኤ ፊት አይነበብብኝ፤ ሽማግሌዎች ብቻ ይጸልዩልኝ» ማለቱ ነው። ይህን ማንም ጽፎ አልደነገገውም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረቀቶቹን ወደ ቤት ወስጄ፣ ያልታጠፉትን በአንድ ገጽ ላይ አጥርቼ የምገለብጥ እኔ ነኝ። ዐሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ስለሆንኩ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ስለምጽፍ፣ ይህ ሥራ ከተሰጠኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

ያን ቅዳሜ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ቦርሳዬ ራሰ፤ ወረቀቶቹም ራሱ። ቀለሙ ይለቅቃል፣ የሰው ልመና በእኔ እጅ ይበላሻል ብዬ ስለሰጋሁ በጨርቅ መሐል እያደረግሁ አንድ በአንድ በካውያ ተኮስኳቸው። ቀጥ ብለው ደረቁ። እሑድ ዕለት ሽማግሌው ኦቦ ጉሉማ የገለበጥኩትን ገጽ ሲያነቡ እኔ ዋናዎቹን ወረቀቶች ጭኔ ላይ አድርጌ እከተላቸው ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እንዲህ የሚል ተነበበ፤

«ከጊዳ አያና ሸሽቼ በመጣሁ ዕለት የእህቴን የድርቤን በር አንኳኳሁ። ሰምታ አልከፈተችልኝም። ይቅር ብያታለሁ እላለሁ፤ ልቤ ግን አላለም። ጸልዩልኝ። ሶረቲ።»

ኦቦ ጉሉማ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ እንጂ አላቆሙም። ዝቅ ብዬ ወረቀቷን ባያት በቀኝ ጥጓ ላይ ቀጭን የእጥፋት መስመር ነበረባት። ካውያዬ ጨፍልቆት እንደ ፀጉር ቀጥኗል።

አዴ ድርቤ ከፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። ተነሡና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወጡ። አዴ ሶረቲ ከኋላዬ ነበሩ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

አዴ ሶረቲ፣ በአማርኛ ወይዘሮ ሶረቲ እንደማለት ነው፣ ጎረቤቴ ናቸው፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ጊዳ አያና በታመሰ ጊዜ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ነቀምቴ ገቡ። ልጅቷን በኋላ እናቷ ግምቢ ወሰደቻት፤ እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ። አንድ የማልወድላቸው ጠባይ ነበራቸው፤ ማታ በራቸውን አይቀረቅሩም። መቀርቀሪያው ከመዛጉ የተነሣ አልንቀሳቀስ ብሏል። እኔ የራሴን በር ቀርቅሬ፣ ተኝቼ፣ እንደገና ተነሥቼ ቀርቅሬው እንደሆነ የማረጋግጥ ሴት ነኝ። ስንት ጊዜ «አዴ ሶረቲ፣ ሌባ ቢመጣስ?» ብያቸዋለሁ። «የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣስ?» ይሉኝ ነበር። መልሱ የገባኝ ያን እሑድ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ልጄ አሜን፣ ገና ምሳ ሳናቀርብ፣ «እማ፣ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለችኝ። አሜን በመምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ማስተማሩን ከእኔ ጀምራለች።

«ጠይቄያለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«አሁን ጓዳ ገብቼ። ተንበርክኬ፣ አልቅሼ ለጌታ ነገርኩት። እርሱ ይቅር ባይ ነው።»

«የተነበበው የጌታ ወረቀት ነው እንዴ?»

«አፍሽን ያዢ! ለዚህ ነገር ወግ አለው። ያጠፋ ሰው በገዛ እግሩ ዘው ብሎ አይሄድም። ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌው ነገሩን ያበርዳል፤ ከዚያ ይታረቃሉ። አሁን ብሄድ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ? አዴ ሶረቲ ይጮኻሉ። ሰው ይሰበሰባል። የአዴ ድርቤ ልጆች እናታችንን አዋረደች ብለው ይመጣሉ። እኔ ከሥራው እነሣለሁ። አንቺንም የዚያች ሴትዮ ልጅ ይሉሻል፤ የሚያገባሽ ታጪያለሽ።»

«የሚያገባኝ እስኪጠፋ ድረስ ምሳ እንብላ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «ሽማግሌ መላኩን አልጠላሁም፤ ስንት ቤት የቆመው በሽማግሌ ነው። ግን አንቺ የምትልኪው ነገሩ እንዲበርድ ነው ወይስ ፊታቸውን እንዳታዪ?» አለችኝ።

ሳህን አምጥቼ በፊቷ አስቀመጥኩ።

«ደግሞ ስትገለብጪው አልገረመሽም? እንዲህ ያለ ነገር በጉባኤ ይነበብልኝ የሚል ሰው አለ?»

«ገርሞኛል። ጥጉ ግን አልታጠፈም ነበር።»

«ከአጥሩ ማዶ ናቸው እኮ፣ እማ። ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«ያ ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ…» አልኩና ምግብ ያልተበላበትን ሳህን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የሚቀጥለው እሑድ የጌታ ራት የሚቀርብበት ነበር። ሰኞንና ማክሰኞን በአጥሩ በኩል የአዴ ሶረቲን ድምፅ አልሰማሁም። ታመው ይሆን? ከተማውን ጥለው ሄደው ይሆን? ሁለቱ እህቶች ዳግም ሳይገናኙ አንዳቸው ቢሞቱ በማን ይፈረዳል? ተንበርክኬ መጸለዬን አላቋረጥኩም። ይሁን እንጂ የተነሣሁ ቁጥር የተንበረከክሁበት ሸክም አብሮኝ ይነሣ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቆሎ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው። ማዳበሪያዬን አስቀምጬ ቀና ስል ከፊቴ ያሉት አዴ ሶረቲ ሆነው ተገኙ። ልመለስ አሰብኩ፤ ግን እህሉን ማን ይሸከማል? በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋና ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ወፍጮ ጠባቂው ቀነአ ፊቱ ሁሉ ዱቄት ሆኖ ብቅ አለና «እናቶቼ፣ እስኪመጣ ተጫወቱ፤ የተጣላችሁም ታረቁ፤ በነጻ ነው!» አለ። ምንም ሳያውቅ ነው የተናገረው። እኔ ግን ማዳበሪያዬን እንደገና አንሥቼ ታቀፍኩት።

«አካም ቡልታን፣ አዴ ሶረቲ» አልኩ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ መሆኑን እንኳ ረስቼዋለሁ።

«አድሬ፣ ውዬ፣ ላመሽ ነው» አሉ ሳይዞሩ። ቀጥለውም፣ «ተቀመጪ፣ የአሜን እናት። ቆመሽ ስትንቀጠቀጪ እህሉን ትደፊዋለሽ» አሉ።

ተቀመጥኩ። «አዴ ሶረቲ፣ ስለ እሑዱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቅዳሜ ዝናብ መታኝ። ወረቀቶቹ ራሱ። ተኮስኳቸው፤ እጥፋቱም ጠፋ። ዝናቡ ባይመጣ…»

«ዝናቡን ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «አንቺ ምን አደረግሽ?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጌታን ስለምነው የነበረው ስለ ዝናቡ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ያልበደልኩትን እየተናዘዝኩ የበደልኩትን ደብቄ ነበር። የደበቁት በደል ደግሞ ይቅርታ የሚያርፍበት ስፍራ የለውም።

«ስገለብጥ ጠርጥሬ ነበር» አልኳቸው። «ይህ በሰው ፊት የሚነበብ አይደለም ብዬ አስቤ ነበር። አጥሩ ላይ ሆኜ ብጠራዎት ይሰሙኛል። ግን ለምን አነበብሽው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ጥጉ አልታጠፈም፤ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ጻፍኩት። ያደረግሁት ይህን ነው።»

አሁን ዞሩ።

«አዎን፣ ይኸኛው የአንቺ ነው» አሉ። «ጎድተሽኛል። ሰኞ ዕለት ላገኝሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ብታገኚኝ እሰድብሽ ነበር፤ ስድቡንም በሁለት ቋንቋ አዘጋጅቼ ነበር። ይሁን፤ ይቅር ብዬሻለሁ። ጌታ እኔን የማረኝን ባስብ ይህን አልይዝብሽም።»

ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሣ። ለራሴ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር፤ ነገሩ በዚያ አበቃ ብዬ ልነሣ እችል ነበር። ዳሩ ግን አዴ ድርቤ ነጠላቸው እየተጎተተ የወጡበት አወጣጥ ከዓይኔ አልጠፋም።

«ለእኔ እንዲህ ከሆነ፣ ለአዴ ድርቤስ?» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። «የአንቺ ጥፋት ወረቀት ነው። የእሷ በር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ልጅቷን አዝዬ ከጭነት መኪና ወረድኩ። በመስኮቷ ብርሃን ይታያል። ‹ያ ድርቤ፣ ሶረቲ ነኝ› ብዬ ተጣራሁ። መብራቱ ጠፋ። ልጅቷ ‹ሰው የለም?› አለችኝ። ‹የለም› አልኳት። በተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አደርን። በማግሥቱ እህቴ ‹ተኝቼ ነበር፤ አልሰማሁም› አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«‹ምንም አይደለም› አልኳት። ምን ልበላት? እህቴ ናት። ይኸው አምስተኛ ዓመቱ፤ ገናንም ፋሲካንም አብረን እንበላለን። ስቄ እቀበላታለሁ፤ ስቄ እሸኛታለሁ።»

«እንግዲያው እስከ ዛሬ ይቅር ያሉት ምኑን ነው?» አልኳቸው። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት ነው። «ይቅር የሚባል በደል መኖሩን እኮ ለእሷ አልነገሯትም። እኔን አሁን ‹አንቺ ምን አደረግሽ?› ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው አመመኝ፤ ያዳነኝም እሱ ነው። ለእሷ ግን ‹ምንም አይደለም› አሏት። ያ ይቅርታ አልነበረም፤ ዝምታ ነበር።»

«ይቅርታ የሚሰጠው ለመጣ ሰው ነው!» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። ከወረፋው ሰዎች ዞሩ። «አልበደልኩም ለምትል ሴት ምን ልሰጣት? ትምጣና ትናገር።»

«ጌታስ እኛ እስክንመጣ ጠበቀን? እኛ ገና ስንሸሸው አይደል የወደደን?»

«እሱ ጌታ ነው። እኔ ሶረቲ ነኝ።» አሉ። «አንድ ጊዜ አንኳኩቻለሁ፣ የአሜን እናት። ሁለተኛም እኔው ላንኳኳ?»

የስብከት ቃል ፈለግሁ፤ የሚመጥን አጣሁ። ከበር የተመለሱን ሰው እንደገና ሄደው ያንኳኩ ማለት የሚቻለው ማን ነው? መብራቱ መጣ፤ ወፍጮው መጮህ ጀመረ። ወደ ጆሮአቸው ጠጋ ብዬ፣

«እርስዎ አያንኳኩ። እኔ አንኳኳለሁ» አልኳቸው።

ዱቄቴን ቤት አድርሼ ለአሜን ከሰጠሁ በኋላ በቀጥታ ወደ አዴ ድርቤ ቤት ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የሚመጣብኝን ስቆጥር ነበር፤ ውሻ ይለቁብኛል፣ ልጃቸው በጥፊ ይለኛል፣ ሰው ይሰማል። ቢሆንም እግሬን አላቆምኩትም። መፍራቴን እስካቆም ብጠብቅ ኖሮ በሕይወቴ አንድም ነገር ባልሠራሁ ነበር።

የአዴ ድርቤ በር ሁለት ቁልፍና አንድ መቀርቀሪያ አለው። «ማነው?» አሉ ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ስሜን ተናገርኩ። ሲከፍቱ ዓይናቸው አብጦ ነበር።

«ምን ቀረሽ? በሰው ፊት ገፈፍሽኝ፤ ቆዳዬን ልትወስጂ መጣሽ?»

«አዴ ድርቤ፣ ጠርጥሬ ሳለሁ ሳልጠይቅ ጻፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር እንዲሉኝ መጥቻለሁ።» ስለ ዝናቡ ትንፍሽ አላልኩም።

«ለአንቺ ገና ነኝ» አሉ። በሩን ግን አልዘጉትም። ደፉ ላይ ቁጭ አሉና የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉ ጀመር። «እሷ ምን አለች?»

«‹ተኝቼ ነበር አለችኝ፤ ምንም አይደለም አልኳት› አሉ።»

አዴ ድርቤ ያን ጊዜ እንባቸው ወረደ። «ተኝቼ አልነበረም። ያን ሰሞን ስንት ወሬ ነበር! ማታ የሚያንኳኳ ሁሉ ገዳይ ይመስለን ነበር። ልጆቼ አልጋ ሥር ተደብቀዋል። ‹ያ ድርቤ› ስትል ድምፅዋን አወቅሁት። ተነሣሁ፤ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አደረግሁ። ከዚያ፣ ተከትለዋት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። እጄ እዚያው እንደቀረ የእግሯ ኮቴ ራቀ።»

«በማግሥቱ ለምን አልነገሯትም?»

«ብትሰድበኝ እነግራት ነበር። ድንጋይ ብትወረውርብኝ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። እሷ ግን ሳቀች። እሷ እየሳቀች እኔ እንዴት አድርጌ ላልቅስ? አምስት ዓመት በጌታ ራት ፊት ስንናዘዝ ይህን አንድ ነገር ስናገር፣ ይቅር ተብላችኋል ሲባል ለሁሉ ይመስለኛል፤ ለእኔ አይመስለኝም።»

እንግዲህ ነገሩ ይህን ይመስል ነበር። አንዷ ሳልጠየቅ ይቅርታ አልሰጥም ስትል፣ ሌላዋ ሳልከሰስ እንዴት ልጠይቅ ስትል፣ ሁለት እህቶች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው በየበራቸው ተዘግተው ኖሩ። የዘጋባቸውም ጥላቻ አልነበረም። «ምንም አይደለም» የምትለው ትንሽ ቃል ነበረች።

«ይነሡ፣ እንሂድ» አልኳቸው።

«ብትመልሰኝስ?»

እኔ መቼም ክፉውን አስቀድሜ የማይ ሰው ነኝ፤ አይመልሱዎትም ብዬ ልዋሽ አልቻልኩም። «ሊመልሱዎት ይችላሉ» አልኩ። «ቢመልሱዎት የእኔ ቤት ከአጥሩ ማዶ ነው፤ እዚያ ያድራሉ፤ ነገ እንደገና እናንኳኳለን። ከነገ ወዲያም እናንኳኳለን።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ታደክሚያለሽ» አሉና «ያን ነጠላ አቀብዪኝ» አሉኝ።

ስንደርስ ፀሐይ ገብታለች። የአዴ ሶረቲ በር እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል። አዴ ድርቤ ደጃፉ ላይ ቆሙና ክፍቱን በር አንኳኩ።

«ክፍት ነው፤ ግቡ!» አሉ ከውስጥ።

አልገቡም። ደግመው አንኳኩ።

«ክፍት ነው አልኩ እኮ! ማነው?»

«ያ ሶረቲ፣ ድርቤ ነኝ።»

ውስጥ ይንኳኳ የነበረው የብረት ድስት ዝም አለ። በመስኮቱ ብርሃን ይታይ ነበር። ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተክዬ አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል እያልኩ ጠበቅሁ። አልጠፋም። አዴ ሶረቲ እጃቸው እንደረጠበ በሩ ላይ መጡ።

«ሰምቼሽ ነበር» አሉ አዴ ድርቤ። «ድምፅሽን አውቄዋለሁ። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ መብራቱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ እህቴን ውጭ አሳደርኩ። ከዚያም ዋሸሁሽ። ዲፈማ ና ጎዲ።» ይቅር በዪኝ ማለታቸው ነው።

«ልጅቷ ስታለቅስ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

አዴ ሶረቲ በሩን ይዘው ቆሙ። በልቤ፣ አሁን ይዘጉታል አልኩ።

«በርዶን ነበር፣ ድርቤ» አሉ በመጨረሻ። «በጣም በርዶን ነበር። ምንም አይደለም ብዬሽ ነበር፤ እኔም ዋሽቻለሁ። ብዙ ነበር። ዛሬ ይቅር የምልሽ ያንን ብዙውን ነው። ነገ ልቤ እምቢ ቢለኝ ነገም ደግሜ እላለሁ፤ ጌታ ለእኔ ስንት ጊዜ እንደደገመው እኔ አውቃለሁ። አሁን ግቢ፤ በብርድ አትቁሚ።»

እሑድ ሁለቱም በአንድነት ወደ ጌታ ማዕድ ቀረቡ። አዴ ድርቤ ይቅርታው ለእሳቸውም እንደሆነ ያን ቀን አመኑ፤ ከሰው የሰሙትን ከእግዚአብሔር ለመስማት ጆሮአቸው ተከፈተ። ለእኔም ከሁለት ሳምንት በኋላ «በይ፣ ላንቺም ብያለሁ፤ በየቀኑ ደጄ ላይ ከማይሽ ይሻላል» አሉኝ። ይህን የምጽፈው ጥፋቴ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። የሰው ምሥጢር በሰው ፊት መውጣቱ ክፉ ነው፤ አሁን በአጥቢያችን ሁለት ሣጥን አለ፣ አንዱ ለሚነበብ፣ አንዱ ለማይነበብ፤ እኔም የጠረጠርኩትን ወረቀት ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልገለብጥም። የምጽፈው ግን በየቤታችን «ምንም አይደለም» የሚባልለት ብዙ ነገር ስላለ ነው። የበደልክ እንደሆንህ ዝናቡን ተወውና የአንተን ተናገር፤ ሽማግሌ ብትልክም አንተ ከኋላ አትቅር። የተበደልሽ እንደሆንሽ የጎዳሽን በስሙ ጥሪውና ይቅር በዪው። ያለዚያ ማዕዱ ይቀርባል፣ ሳቁም ይሰማል፣ ሰው ግን ውጭ ያድራል።

ያን ረቡዕ ምሽት ወደ ቤቴ ገብቼ በሬን ቀርቅሬ ሳበቃ በአጥሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«የአሜን እናት! ዘይት አለሽ?»

«ለምን? ምን ሆናችሁ?» አልኩ ደንግጬ።

«ምንም አልሆንንም። ድርቤ እዚህ ታድራለች። ይህ መቀርቀሪያ ዝጎ እምቢ አለኝ።»

በሲኒ ዘይት ይዤ ወጣሁና በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው። «የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣስ?» አልኩ፤ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ።

«ጆሮ አለኝ፤ እከፍታለሁ» አሉ። «አሁን ግን እህቴ ተኝታለች። ሌባ ቢመጣስ?»

ቆሜ አዳመጥኩ። ብረቱ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለተኛ ጮኸ፤ በሦስተኛው ሳይጮህ ገባ።